ሞተሩ አልነሳ ሲል

የሽንኩርት ሥር አጭር ነው። ከመሬት ወለል ብዙ አይርቅም። በበጋ ፀሐይ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ሽንኩርቱም ይጠወልጋል። ስለዚህ የሽንኩርት ማሳ ውሃ ሳያገኝ ብዙ ቀን አይቆይም።

በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ሜዳ የሚኖሩ ገበሬዎች ይህን በደንብ ያውቃሉ። ክረምቱ አልፎ የዝናቡ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የርብንና የጉማራን ወንዝ ውሃ በሞተር እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ሞተሩ ከሠራ ሁሉም ደኅና ነው። ሞተሩ እንቢ ካለ ግን ወንዙ በአጠገብ እየፈሰሰ አዝመራው በውሃ ጥም ይሞታል።

እንበልና በዚያ አገር አንድ ገበሬ አለ። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አንዲት ትንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛ። ሽንኩርቱ ውሃ በሚጠጣበት ቀን በማለዳ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አልነሳም። ደግሞ ሳበ። አልነሳም። 30 ጊዜ፣ 40 ጊዜ ሳበ። እጁ ውሃ ቋጠረ። ተናደደና መፍቻ አንስቶ ካርቡራተሩን ፈታታው። አንዲት ትንሽ ሞላ ዘላ ሣር ውስጥ ወደቀች። ፈልገው አጧት።

«አያ፣ መጀመሪያ ካንዴላውን አይተኸዋል?» አለ ታናሽ ወንድሙ።

«ካንዴላ ምን ያደርጋል? ሕመሙ ያለው ከሆዱ ነው» አለ ገበሬው።

ሞተሩን በአህያ ጭነው ወረታ ከተማ ወሰዱት። ሜካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ አሳያቸው። በካንዴላው ሁለት ጫፎች መካከል የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥላሸት ተጋግራ ነበር። እሳቱን የከለከለችው እሷ ናት። ሜካኒኩ ጠረጋትና ጨረሰ። የጠፋችው ሞላ ግን በከተማው አልተገኘችም። ከባሕር ዳር እስክትመጣ 6 ቀን አለፈ። ግማሹ ሽንኩርት ጠወለገ።

እንግዲህ ሽንኩርቱን የገደለው ምንድን ነው? ጥላሸቱ ነው ወይስ ችኮላው? «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ከመፍታትም በፊት ማወቅ ይቅደም።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ምን ዓይነት ነው?

በሞተር ሆድ ውስጥ ፒስተን የሚባል ብረት አለ። ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳል። አንድ ጊዜ ሽቅብ፣ አንድ ጊዜ ቁልቁል በሄደ ቁጥር እሳት የሚነሳበት ሞተር ባለ ሁለት ምት ይባላል። በጀርባ የሚታዘል ባለ ሞተር መድኃኒት መርጫ፣ የሞተር መጋዝ፣ አንዳንድ ትንንሽ የውሃ መሳቢያዎችም እንዲህ ያሉ ናቸው።

ምልክቱ ምንድን ነው? ባለ ሁለት ምት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ዘይት የሚሞላበት ቦታ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል። ለብቻው የዘይት መሙያ ክዳንና የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ሞተር ግን ባለ አራት ምት ነው። በእሱ ቤንዚን ውስጥ ዘይት አይጨመርም። ሁለቱን አለማምታታት ነው።

ሞተር ምን ይፈልጋል?

የምድጃ እሳት እንጨት ይፈልጋል፤ አየር ይፈልጋል፤ መለኮሻ ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይነድም። ሞተርም እንዲሁ ነው። ቤንዚን፣ አየርና የካንዴላ እሳት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ቤንዚኑና አየሩ በፒስተኑ መታመቅ አለባቸው። ሞተር አልነሳ ሲል የጎደለው ከእነዚህ አንዱ ነው። የትኛው እንደ ጎደለ ለማወቅ ከቀላሉ ተነስተን በተራ እንመርምር።

1ኛ. መፍቻ ሳናነሳ በዓይን እንይ።

ማብሪያ ማጥፊያው በርቷል? የቤንዚኑ መክፈቻ ተከፍቷል? በታንኩ ውስጥ ቤንዚን አለ? ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ የአየር መዝጊያው፣ ማለት ቾኩ፣ ተዘግቷል? ሞተሩ ሠርቶ የሞቀ ከሆነስ ቾኩ ተከፍቷል? ይህን ሳያዩ ገመድ መሳብ ክንድን ማድከም ነው።

2ኛ. ቤንዚኑን እንመርምር።

የቆየ ቤንዚን ኃይሉን ያጣል። ከአንድ ወር በላይ የተቀመጠ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። ከታንኩ ጥቂት ቀድተን በንጹሕ ጠርሙስ ብናስቀምጠው ውሃ ካለበት ውሃው ከታች ይዘቅጣል፤ ቤንዚኑ ከላይ ይሆናል። ውሃ ያለበትን ወይም የቆየውን አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው።

ቀጥሎ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተሩ መድረሱን እንይ። ቤንዚኑ ከታንኩ በራሱ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ጎማውን ከካርቡራተሩ በኩል ነቅለን መክፈቻውን ስንከፍት መፍሰስ አለበት። ከታች ዕቃ እናስቀምጥለት። ካልፈሰሰ ማጥለያው፣ ማለት ፊልትሮው፣ ቆሻሻ ይዟል። ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የታንኩን ክዳን እንይ። በክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ጭቃ ከደፈነው ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል።

3ኛ. ካንዴላውን ፈትተን እናንብበው።

ካንዴላ እንደ ደብዳቤ ይነበባል። በሞተሩ ሆድ ያለውን ይነግረናል።

ደረቅ ከሆነ፦ ቤንዚን አልደረሰውም። ወደ 2ኛው ተራ እንመለስ።

በቤንዚን ከራሰ፦ ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቷል፤ ወይም እሳት የለውም።

በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ፦ ዘይቱ በዝቷል፤ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል።

ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን በጨርቅ እናድርቀው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት በብዙ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። የብረት መጋዝ ምላጭ ውፍረት ያህል ማለት ነው።

ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ ከሆነ ማብሪያውን እናጥፋ፤ የቤንዚኑን መክፈቻ እንዝጋ፤ ቾኩን እንክፈት። ካንዴላው እንደ ተፈታ ገመዱን 10 ጊዜ ያህል እንሳብ። የበዛው ቤንዚን በቀዳዳው ይወጣል። ከዚያ የፈሰሰውን ጠርገን ጥቂት ደቂቃ እንጠብቅ።

4ኛ. እሳት መኖሩን እንይ።

ቤንዚኑ ከተጠረገና ሽታው ከጠፋ በኋላ ማብሪያውን እናብራ። ካንዴላውን ወደ ሽቦው እንመልስና ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር እናስነካው። ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ራቅ ይበል። ብረቱን በባዶ እጅ አንንካ፤ የምንይዘው በጎማው ቆብ በኩል ነው። በጥላ ሆነን ገመዱን ስንስብ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ብልጭታ ከሌለ ሌላ ደኅና ካንዴላ እንሞክር። በእሱም ከሌለ ችግሩ ከሽቦው ወይም ከእሳት ሰጪው ክፍል ነው።

5ኛ. አየሩንና እምቅታውን እንይ።

የአየር ማጣሪያው አቧራ ከያዘ እናራግፈው። የስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ ነው። የጭስ መውጫውን፣ ማለት ማርሚታውን፣ እንይ። በዘይት ጥላሸት ይደፈናል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከቆመ ተርብም ጎጆ ይሠራበታል።

ካንዴላውን አጥብቀን ገመዱን በቀስታ እንሳብ። እጃችንን ወደ ኋላ የሚይዝ ኃይል ሊሰማን ይገባል። ገመዱ ያለ ምንም ተቃውሞ ከተሳበ እምቅታ የለም። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ፒስተኑ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በግድ አንሳበው።

ሜካኒክ ጋ የምንሄደው መቼ ነው? አዲስ ካንዴላ እሳት ካልሰጠ፣ እምቅታ ከሌለ፣ ፒስተን ከተጣበቀ፣ ወይም ይህን ሁሉ አይተን ሞተሩ አሁንም እንቢ ካለ ነው። ያየነውን ስንነግረው ለሜካኒኩም ሥራው ይቀለዋል።

የዘይቱ ልክ

ፒስተን የሚጣበቅበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ዘይት የሌለው ቤንዚን ነው። «ቤንዚን ቤንዚን ነው» ብሎ ዘይት ሳይደባልቁ መሙላት ሞተርን ማረድ ነው። ዘይት ማብዛትም ካንዴላን በጥላሸት ይደፍናል። ልኩ በሞተሩ መጽሐፍ ወይም በታንኩ ላይ ተጽፏል።

25 ለ 1 ካለ፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት።

50 ለ 1 ካለ፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት።

ባለ 10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ሲሪንጅ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ነው። 40 ሚሊ ሊትር ለማግኘት 4 ጊዜ መቅዳት ነው። ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ይሁን፤ የምግብ ዘይት አይሆንም። በንጹሕ ጀሪካን ደባልቀን በደንብ ወዝውዘን ወደ ታንኩ እንጨምር። በጀሪካኑም ላይ የተደባለቀበትን ቀን እንጻፍበት። ያን ጊዜ የቆየውን ከአዲሱ በግምት ሳይሆን በንባብ እንለያለን።

ተጠንቀቁ!

ቤንዚን ባለበት ክብሪት አይጫር፤ ሲጋራ አይጨስ፤ ኩራዝ አይቅረብ። በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን አይሞላ። ከሁሉም በላይ ሞተር በተዘጋ ቤት ወይም በጉድጓድ ውስጥ አይነሳ። በጭሱ ውስጥ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለ። ሞተሩ ሲሠራ በነበረበት ጉድጓድ የወረደ ሰው ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይቀራል። ሊያወጣው የወረደውም ይከተለዋል። ስለዚህ ሞተሩ ሁልጊዜ ከውጭ፣ በነፋሻ ቦታ ይቀመጥ።

ማጠቃለያ

ያ ገበሬ ካንዴላውን ለማየት ሩብ ሰዓት ቢያጠፋ ኖሮ 6 ቀን ባላጠፋ ነበር። ሞተር የሚያስቸግረን ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። ዓይን ይቅደም፤ መፍቻ ይከተል። ካርቡራተር የሚፈታው በመጨረሻ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ነው።

የቃላት ፍች

ካንዴላ፦ በሞተር ውስጥ የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ዕቃ።
ካርቡራተር፦ ቤንዚንና አየር የሚደባልቅ የሞተር ክፍል።
ሞላ፦ ሲጫኑት የሚተጣጠፍ፣ ሲለቁት የሚመለስ ጥምዝ ሽቦ።
እምቅታ፦ በጠባብ ቦታ ተጨቁኖ መያዝ።

ጥያቄዎች

1. ባለ ሁለት ምት ሞተርን ከባለ አራት ምት በምን እንለያለን?
2. ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ቢገኝ ምን ጎድሏል ማለት ነው?
3. በ25 ለ 1 ልክ ለ5 ሊትር ቤንዚን ስንት ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል? አስሉት።
4. ሞተር በጉድጓድ ውስጥ የማይነሳው ለምንድን ነው?
5. አምስቱን የምርመራ ተራዎች በወረቀት ጽፋችሁ ሞተሩ በሚቀመጥበት ቦታ ለጥፉ።