ማታ ማታ የሚረብሽዎት የኤ ኤም ጣቢያ የቱ ነው?

ዋሽንግተን አካባቢ ሆነው ኤ ኤም ራዲዮ የሚያዳምጡ ከሆነ፣ ቀን ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ ሲመሽ በሌላ ድምፅ ሲሸፈን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ቀን ቀን ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሞገድ የሚውጠው የታችኛው የአዮኖስፌር ንጣፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳል። ያኔ ሞገዱ ከላይኛው ንጣፍ ነጥሮ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል።

ከሩቅ የመጣውን ጣቢያ ለመለየት፣ አንደኛ፣ የቤትዎን ጩኸት ይለዩ። በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ይዘው የስልክ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የኤል ኢ ዲ አምፖሉን ያጥፉ። ጩኸቱ ከቆመ ቀድሞም ጣቢያ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ፍሪኩዌንሲውን ይጻፉ። በአሜሪካ ጣቢያዎች የሚደረደሩት በ10 ኪሎኸርዝ ልዩነት ስለሆነ 1030 እንጂ 1033 ብሎ ነገር የለም። የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት ከሰሙ ግን ከአትላንቲክ ማዶ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ አውሮፓና አፍሪካ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚጠቀሙት የ9 ኪሎኸርዝ ልዩነት ነው።

ሦስተኛ፣ ራዲዮውን ቀስ ብለው ያዙሩት። ውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ (አንቴናው) ጎኑን ለጣቢያው ሲሰጥ ድምፁ ይጎላል፤ ጫፉ ወደ ጣቢያው ሲዞር ይደክማል። የሚፈልጉት የሚደክምበትን ነው፤ ጠባብ ስለሆነ አቅጣጫውን ይጠቁማል። ከፊትና ከኋላ የቱ እንደሆነ ግን አይነግርዎትም። የቅርቡን ጣቢያ በዚሁ ዘዴ ካደከሙት፣ ከሥሩ የተደበቀው ብቅ ይላል።

አራተኛውና ዋናው፦ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በስልክዎ መቅዳት ይጀምሩ። የአሜሪካ ደንብ ጣቢያዎች በየሰዓቱ መጠሪያ ፊደላቸውንና ከተማቸውን እንዲናገሩ ያስገድዳል። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያሉት በአብዛኛው በደብሊው፣ በስተምዕራብ ያሉት በኬ ይጀምራሉ፤ የፒትስበርጉ ኬ ዲ ኬ ኤ ግን ምሥራቅ ሆኖ በኬ የሚጠራ አንጋፋ ነው። ድምፁ ሄድ መጣ ስለሚል አንዱ ሰዓት ካመለጠዎት ቀጣዩን ይጠብቁ። እስከዚያው የመንገድ ስም፣ የአየር ትንበያ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ይልቀሙ። የውይይት ፕሮግራም ግን አያታልልዎት፤ አንዱን ፕሮግራም ብዙ ጣቢያዎች እኩል ያስተላልፉታል። በስፓኒሽ ዜና ሥር በየሰከንዱ የሰዓት ምት፣ በየደቂቃው ደግሞ የሞርስ ምልክት ከተሰማ ፊደላት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የኩባው ራዲዮ ሬሎኽ ነው።

በመጨረሻ የገመቱትን ጣቢያ የኢንተርኔት ሥርጭት ከፍተው ያመሳክሩ። ኢንተርኔቱ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በትዕግሥት ይጠብቁ። መጠሪያውን በጆሮዎ ካልሰሙ ወይም በዚህ መንገድ ካላረጋገጡ፣ ማስታወሻዎ ላይ «ሳይሆን አይቀርም» ብለው ይጻፉ።