ለመምህራን የማስተማሪያ ዕቃ ስለማግኘት
በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በአዳማ፣ በወንጂ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ ዙሪያ የሚያስተምሩ መምህራን ወደ ልማት ጣቢያ ሲመጡ ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ለተማሪዎቻችን የምናሳየው ነገር ስጡን» ይላሉ። መጽሐፉ ስለ አፈር ዓይነቶች ይገልጻል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን የሚዳሰስ አፈር የለም። የነፍሳት የዕድገት ደረጃ በቢራቢሮ ሥዕል ይታያል፤ ልጁ በወላጆቹ ጎተራ የሚያየው ግን ነቀዝ ነው። የልማት ሠራተኛው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «በጀት የለንም» ወይም «ወደ ወረዳው ጻፉ» ከሆነ በእጁ ያለውን ሀብት አላስተዋለም ማለት ነው።

አሳቡ በአገራችን አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከሎች ተቋቁመው ከእንጨት፣ ከሸክላ፣ ከካርቶንና ከቆርቆሮ የማስተማሪያ መሣሪያ ይሠራባቸው ነበር። ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤቶች የፔዳጎጂ ማዕከል የሚባል ክፍል አለ፤ በጉድኝት የተሰባሰቡ ትምህርት ቤቶችም በማዕከላቸው ዕቃ ይዋዋሳሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በጎበኛቸው እንዲህ ባሉ ክፍሎች ከእንጨት የተሠራ ሰዓት፣ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተሳለ ካርታና ከሸክላ የተሠራ ልብ ያልታየበት የለም። የእርሻው መደርደሪያ ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይም ስሙ የማይታወቅ ዘር በአቧራ ተሸፍኖ ይገኝበታል። ለዚህ ተጠያቂው መምህሩ አይደለም። ዘሩም፣ አፈሩም፣ የዝናቡም መዝገብ ያለው እኛ ዘንድ ነው።

ዕቃው የሚገኝበት ቦታ

ከአዳማ በስተደቡብ ምሥራቅ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በቦሎቄ፣ በማሽላ፣ በበቆሎ፣ በአትክልትና ፍራፍሬ እንዲሁም በእርሻ መሣሪያዎች ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ከባቱ ወደ ደቡብ ለሚሠሩ የአዳሚ ቱሉ ግብርና ምርምር ማዕከል ይቀርባቸዋል፤ ባቱ ላይ ደግሞ በዓሣና በውኃ ውስጥ ሕይወት ላይ የሚሠራ የምርምር ማዕከል አለ። አንድ መምህር ብቻውን ወደነዚህ ቦታዎች ቢሄድ ከበር ሊመለስ ይችላል። የልማት ሠራተኛው ግን የሚያውቀው ሰው ስላለው፣ አንድ እፍኝ ናሙና ለመጠየቅ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ ይበቃዋል።

የቦሎቄ ዘር ናሙና ከሁሉ በፊት እንዲጠየቅ ይመከራል። አዋሽ 1ና አዋሽ መልካ ነጭ ናቸው፣ ናስር ቀይ ነው። በየብልቃጡ ተለይተው ሲቀመጡ ልጆች ቤታቸው ከሚዘራው ጋር ያስተያዩአቸዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ነጩ ለውጭ ገበያ፣ ቀዩ ለአገር ውስጥና ለጎረቤት አገር ገበያ ለምን እንደሚፈለግ ሊያስረዳ ይችላል።

የነቀዝ ትምህርት በአራት ብልቃጥ

ከምናውቃቸው ሁሉ ርካሹና ለገበሬው ቤት ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እንገልጸዋለን። ቦሎቄ ከተነቀለና ከተወቃ በኋላ ባሉት ወራት፣ ነቀዙ በጎተራ መታየት ሲጀምር ይሠራል።

አራት ባለ ክዳን ብልቃጦች ይዘጋጁ። በወንፊት ተነፍቶና ቀዳዳ ያለበት ተለቅሞ የወጣለት ቦሎቄ ከተጨመረ በኋላ በእያንዳንዱ ብልቃጥ 20 ሕያው ነቀዝ ይግባ። የመጀመሪያው ምንም ሳይደረግለት በሻሽ ይሸፈን። የሁለተኛው ቦሎቄ በምግብ ዘይት ይታሽ፤ መጠኑ ለ1 ኪሎ ግራም 5 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከዚህ ከበዛ ቦሎቄው ይጨማለቃል። ሦስተኛው እስከ ግማሹ ብቻ ተሞልቶ በሻሽ ይሸፈንና ተማሪዎች ጧትና ማታ በጠረጴዛ ላይ እያንከባለሉ እህሉን ያገላብጡት። አራተኛው እስከ አፉ ድረስ ሞልቶ አየር እንዳያስገባ ክዳኑ በሰም ይታሸግ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁሉም ተከፍቶ ሕያው ነቀዝና የተበሳው ፍሬ ይቆጠር፤ ሚዛን ካለ ክብደቱም ይለካ።

የመጀመሪያው ብልቃጥ ወደ ዱቄትነት መሄዱን ልጆቹ ሳይነገራቸው ያያሉ። በታሸገው ውስጥ ነቀዙ ያለውን አየር ከጨረሰ በኋላ ሊራባ አይችልም፤ አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከሁለተኛውና ከመጀመሪያው ብልቃጥ 100፣ 100 ፍሬ ወስዶ በእርጥብ አሸዋ ላይ ማብቀልና ከዘጠኝ ቀን በኋላ መቁጠር ደግሞ፣ ዘይቱ ዘሩን ጎድቶት እንደሆነ ከማሳየቱም በላይ ለሒሳብ መምህሩ የመቶኛ ትምህርት ይሆነዋል።

ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው በሦስተኛው ብልቃጥ ላይ ነው። በአገራችን ቦሎቄን የሚያጠቁ ሁለት ዓይነት ነቀዞች አሉ፤ ሁለቱም እንደ ቦሎቄው ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው። አንደኛው እንቁላሉን በፍሬዎቹ መካከል ይጥላል። ከእንቁላሉ የወጣው ትል ፍሬውን ለመብሳት በሁለት ፍሬዎች መካከል ተደግፎ መቆም ስላለበት እህሉ በየጊዜው ሲገላበጥ ይሞታል። ሁለተኛው፣ በሞቃቱ የስምጥ ሸለቆ ይበልጥ የምናገኘው፣ እንቁላሉን በፍሬው ቆዳ ላይ ስለሚያጣብቅ ትሉ ከሥሩ በቀጥታ ይበሳል፤ ማገላበጡም እምብዛም አይጎዳውም። ስለዚህ ውጤቱ በአንዱ ትምህርት ቤት አንድ፣ በሌላው ሌላ ሊሆን ይችላል። መምህሩ «ሙከራው ተበላሸ» ብሎ እንዳይጥለው፤ ፍሬው በአጉሊ መነጽር ታይቶ ነጫጭ የተጣበቁ ነጠብጣቦች ቢገኙ መልሱ እሱ ነው። ከማብቀያው የተረፈው ቦሎቄ ወደ ጆንያ ሳይመለስ ይቀቀል ወይም ይቃጠል።

አፈርና ዝናብ

ለአፈር ትምህርት ሦስት ጠርሙስና ውኃ ይበቃል። ከማሳ፣ ከወንዝ ዳርና ከተሸረሸረ ቦታ የተወሰደው አፈር በውኃ ተበጥብጦ ሲቀመጥ አሸዋው ወዲያው፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው በቀን ወይም ከዚያ በላይ ይዘቅጣል። በአዳማና በቆቃ አካባቢ ከአንዳንዱ አፈር ውስጥ ነጫጭ ጠጠር ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ውስጡ አየር ያለበት ድንጋይ ነው። «ድንጋይ ሲንሳፈፍ አየን» ብለው ወደ ቤታቸው የሚሮጡ ልጆች ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ለመስማት ዝግጁ ናቸው።

የዝናብ መለኪያ ጎኑ ቀጥ ካለ ጣሳ ይሠራል። ዛፍና ጣራ ከማይከልለው ቦታ ይተከልና ዘወትር ጧት በ3 ሰዓት በማስመሪያ ይለካ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ የክፍል ጣራ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 1,600 ሊትር፣ ማለትም ስምንት በርሜል ያህል ይወርድበታል። ይህ ስሌት በእኛ አካባቢ ተራ ስሌት አይደለም። የብዙ ጉድጓዶቻችን ውኃ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር የበለጠ ፍሎራይድ አለበት፤ የልጆቹ ጥርስ የሚበልዘው በዚህ ነው፣ በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይም በአጥንት ላይ ያደረሰው ጉዳት በሐኪሞች ተመዝግቧል። የዝናብ ውኃ ግን ፍሎራይዱ ከምንም አይቆጠርም። ለመጠጥ እንዴት ንጹሕ እንደሚሆን የጤና ሠራተኛው መጥቶ ቢያስረዳ መልካም ነው።

ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚጠበቀው

ማኅበሩ ገንዘብ እንዲያወጣ አንጠይቅም። ሚዛኑን ለአንድ ቀን ማዋስ፣ ያለፈ ዓመት የግዥና የሽያጭ ደረሰኝ ስም ተሰርዞ ለሒሳብ መምህሩ መስጠት፣ ያረጀ ጆንያ ለካርታ መስጠት ይበቃል። የመቂ የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ እንዴት እንደወጣና እንደወረደ የሚያሳይ ገጽ ከመጽሐፍ ከተወሰደ ምሳሌ ይሻላል።

የታተመ ጽሑፍና ቋንቋ

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የትምህርት ቤት ጓሮ መመሪያ ጥሩ ነው፤ በነጻ ይገኛል፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ ግን ሙሉውን ከመስጠት የሚፈለገውን ምዕራፍ አብሮ ማንበብ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን የ8028 የግብርና ምክር የስልክ መስመር ለመምህሩ ከማመልከት በፊት ሠራተኛው ራሱ ደውሎ ይሞክረው።

በኦሮሚያ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በአዳማ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። ብልቃጦች ላይ የሚለጠፈው ስም በሁለቱም ይጻፍ፤ የኦሮምኛው በቁቤ ይሁን። ስሙን መምህሩ ይንገረን እንጂ እኛ አንገምት፤ ማሽላን አንዱ ምሲንጋ ሲለው ሌላው ሚሽንጋ ይለዋል።

ፈጽሞ የማይሰጥ ዕቃ

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሥራ በጀመረበት ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት የበቆሎ ዘር በፖስታ አድርጎ ወሰደ። ዘሩ ቀይ ነበር፤ በመድኃኒት የታሸ መሆኑን እያወቀ ለመምህርቷ ሳይነግር ወጣ። በሳምንቱ ሲመለስ ሁለት ልጆች «ቀለሙን አጥበነዋል፣ ልንቆላው ነው» ብለው ፍሬውን በሣህን አሳዩት። አልበሉም ነበር። ያዳናቸው ግን የእሱ ጥንቃቄ ሳይሆን ከሰል አለማግኘታቸው ነው።

ቀይ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለበት ዘር ለትምህርት ቤት አይሰጥም። ቀለሙ ቢታጠብም መርዙ አይለቅም። ለናሙና ያልታሸ ዘር መኖሩ ካልተረጋገጠ ባዶ እጅ መሄድ ይሻላል። የፀረ ተባይ ዕቃም፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ ለአፈር ሙከራም ለዝናብ መለኪያም አይሆንም፤ በመቂና በባቱ የአትክልት ማሳዎች ዳር እነዚህ ዕቃዎች በቀላሉ ስለሚገኙ ልጆች ራሳቸው ሊያመጧቸው ይችላሉ። አንድ ባዶ ዕቃ ከነምልክቱ ርቀት ላይ አስቀምጦ፣ «ይህን ያየ አይንካው፣ ለአዋቂ ይንገር» ብሎ ማሳየትና በዚያው ቀን ይዞ መመለስ ይገባል።

የጉብኝት ጊዜ

ናሙናው በመስከረም ይሰብሰብ፤ በመልካሳ ያሉ ባለሙያዎች በክረምት ማሳ ላይ ስለሚሆኑ ደብዳቤው በሐምሌ ቢደርስ መልስ ላያገኝ ይችላል። ብልቃጦቹ በኅዳር ይዘጋጁና በስድስተኛው ሳምንት በሚከፈቱበት ቀን ሠራተኛው በክፍሉ ይገኝ። በዚያን ቀን የማኅበሩ የመጋዘን ኃላፊ አብሮ ቢሄድ በጣም ይጠቅማል፤ አራተኛውን ብልቃጥ አይተው ስለ መጋዘኑ የሚጠይቁት ልጆች የአባላቱ ልጆች ናቸውና።