ዛፍ ስም አይጠይቅም

በያዮ አገር፥ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅልበት ደን፥ ንብ የሚያነቡ ሰዎች ቀፎአቸውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ሰቃዩ በገመድ ይወጣል፤ ቀፎውን ከቅርንጫፍ ጋር ያስራል፤ በደኅናም ይወርዳል። ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሰው ሥራውን በአንድ ቀን አልተማረውም። በልጅነቱ አባቱ ሲወጣ እርሱ ከታች ገመድ ይዞ ቆመ፤ ቀጥሎ በአጭር ዛፍ ላይ ወጣ፤ የሚሸከመውን ቅርንጫፍ ከሚሰበረው ለየ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ረጅሙን ዛፍ ደፈረ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ በፈረስ ግልቢያ የተመሰገነ፥ በመቱ ገበያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰው መጥቶ፥ «ስሜን ያልሰማ የለም፤ ዛሬ ቀፎውን የምሰቅል እኔ ነኝ» ቢል ምን እንላለን? የሚወዱት ሰዎች ያጨበጭቡለት ይሆናል። ዛፉ ግን ስሙን አይጠይቅም። እግሩ ያዳለጠው እንደ ሆነ፥ ማንም ሰው እንደሚወድቅ ይወድቃል።

ይህን የመሰለ ነገር በሩቅ አገር፥ በአሜሪካ፥ በእውነት ሆኗል። በዚያ አገር ሁለት ሰዎች በሽቦ መረብ በታጠረ፥ ስምንት ማዕዘን ባለው መድረክ ገብተው ይጋጠማሉ። በቡጢና በእግር መምታት፥ መታገልና መጣል፥ አንገትን ማነቅም ተፈቅዷል። መታገሥ ያልቻለ ሰው በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ዳኛው ያላቅቃቸዋል። ዩ ኤፍ ሲ የሚባለው ማኅበር እንዲህ ያለውን ግጥሚያ በኅዳር ወር 1986 ዓ.ም. በዴንቨር ከተማ ጀመረ። በዚህ ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ከወጣትነታቸው ጀምረው ብዙ ዓመት ይማራሉ።

ፊሊፕ ብሩክስ የሚባል ሰው ነበረ፤ ሕዝብ የሚያውቀው ሲኤም ፓንክ በሚለው ስሙ ነው። ይህ ሰው በትርኢት ትግል እጅግ የከበረ ነበረ። የትርኢት ትግል ማለት ማን እንዲያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነበት ትግል ነው። መውደቁና መዝለሉ ሰውነትን የሚያደክም እውነተኛ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች ትርኢቱ እንዲያምር ይረዳዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ለመጉዳት አይታገልም። ብሩክስ በዚህ ሥራ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ 434 ቀን ሳይነጠቅ ይዞ ነበረ።

በኅዳር ወር 2007 ዓ.ም. ይህ ሰው በሽቦው መድረክ ለመጋጠም ከዩ ኤፍ ሲ ጋር ተዋዋለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ባለ ግጥሚያ አንድ ጊዜ ስንኳ አልገባም ነበረ። ሌላው ጀማሪ በትንንሽ ከተሞች፥ ከእኩዮቹ ጋር እየተጋጠመ ብዙ ከደከመ በኋላ የሚደርስበትን ትልቅ መድረክ፥ እርሱ በስሙ ብቻ አገኘው። ሰነፍ ሰው ግን አልነበረም። ወደ አስተማሪዎች ሄዶ ሁለት ዓመት ያህል ተማረ፤ በዚህም ጊዜ ሰውነቱ ተጎዳ፥ ወገቡንም በቀዶ ሕክምና ታከመ።

የግጥሚያው ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበረ፤ እኛ ዕንቍጣጣሽን ለመቀበል ስንሰናዳ እርሱ በክሊቭላንድ ከተማ ወደ መድረኩ ገባ። ዕድሜው 37 ዓመት ነበረ። ባላጋራው ሚኪ ጎል የ24 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ትግልን ግን ለዓመታት ተምሯል። ጎል ወዲያው እግሩን ይዞ ጣለው፤ መታው፤ በኋላው ዞሮም አንገቱን አነቀው። ብሩክስ በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን አስታወቀ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው በ2 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ ነው።

ለዚያች ሌሊት ብሩክስ 500,000 ዶላር ተከፈለው፤ ይህም ካሸነፈው ሰው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ስም ገንዘብ አመጣለት፤ ድልን ግን አላመጣለትም።

ምናልባት አንዱ፥ «ይህስ የሆነው የቀድሞ ሥራው ትርኢት ስለ ሆነ ነው» ይል ይሆናል። እንግዲያውስ የጄምስ ቶኒን ነገር ስሙ። ቶኒ በቡጢ ግጥሚያ በሦስት የክብደት መደብ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ እውነተኛ ጀግና ነው። በነሐሴ 22 ቀን 2002 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ፥ በሽቦው መድረክ ከራንዲ ኩቱር ጋር ተጋጠመ። ኩቱር የ47 ዓመት ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ከቡጢው ርቆ እግሩን ያዘና ጣለው። ቶኒ ከመሬት ላይ መታገልን አላወቀም፤ ስለዚህ በ3 ደቂቃ ከ19 ሴኮንድ ተሸነፈ። የአንድ ሥራ ጥበብ ለሌላው ሥራ አይበቃም።

ደግሞ ብሮክ ሌስናር የሚባል አለ። እርሱም በትርኢት ትግል ስመ ጥር ነበረ፤ ከዝናው በታች ግን ሥር ነበረው። አስቀድሞ በተማሪነቱ ጊዜ እውነተኛውን ትግል ተምሮ፥ በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ነበረ። እርሱ ስንኳ በዩ ኤፍ ሲ በመጀመሪያ የገባ ጊዜ በ1 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ተሸነፈ። ተመልሶ ተማረ፤ በዚያው ዓመተ ምሕረት ሳይሆን በሚቀጥለው፥ በኅዳር 6 ቀን 2001 ዓ.ም.፥ ያንኑ ራንዲ ኩቱርን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ያቆመው ዝናው አይደለም፤ በልጅነቱ የዘራው ትምህርት ነው።

በብሩክስ ግን አንሳቅበት። ከወደቀ በኋላ ባላጋራውን አመሰገነ፤ ሰው ቢወድቅም መነሣት እንዳለበት ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገረ። በሰኔ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለደባት በቺካጎ ከተማ ሁለተኛ ተጋጠመ። ዳኞቹ ለባላጋራው ፈረዱ፤ ኋላም በሌላ ምክንያት ውጤቱ ተሰረዘ። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ሦስት ደቂቃ ያልቆመው ሰው፥ በሁለተኛው 15 ደቂቃውን ሁሉ ፈጸመ። ሲማር ጸና ማለት ነው። ጥፋቱ መጀመሩ አይደለም፤ ከመሰላሉ ጫፍ መጀመሩ ነው።

እናንተም ልጆች፥ ትናንት ሀ ሁ ሂ ስትሉ ነበረ፤ ዛሬ ይህን ገጽ ታነባላችሁ። ከመካከላችሁ በሩጫ ወይም በዘፈን የሚመሰገን ልጅ ቢኖር፥ ምስጋናው በማያውቀው ሥራ እንዳያስደፍረው ይጠንቀቅ፤ ወንዝ ዋና የማያውቀውን ሯጭ በሩጫው አይምረውም። ያላወቀውን ሥራ ሲጀምርም፥ ከታናናሾቹ ጋር ከታች መቀመጥን አይፈር። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ገመዱን ከታች መያዝ የተማረ ልጅ፥ አንድ ቀን ቀፎውን ከረጅሙ ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ማሩንም ይዞ በደኅና ይወርዳል።

ጥያቄ።
1. ቀፎ ሰቃዩ ረጅሙን ዛፍ ከመውጣቱ በፊት ምን ምን ተማረ?
2. ብሩክስ በስሙ ምን አገኘ? ምንስ አላገኘም?
3. ቶኒ ጀግና ሲሆን ስለ ምን ተሸነፈ?
4. አንተ ከታች ልትጀምረው የሚገባህ ሥራ የትኛው ነው?