ቬንቲሌተር በላሊበላ ከፍታ፦ ይዘትን መወሰን ወይስ ግፊትን?

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ «ቬንቲሌተር» የሚለው ቃል ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ በየቤቱ ይነገር ጀመር። ይሁን እንጂ በብዛት የተወራው ስለ መሣሪያው ቁጥር እንጂ ስለ አሠራሩ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የአሠራር ስልቶቹን እናነጻጽራለን። ሕመምተኛችን የላሊበላ ነዋሪ ይሁን፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጻል።

ቫይረስ ሳንባን ክፉኛ ሲጎዳ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ፈሳሽ ይሞላባቸዋል፤ ከፊሎቹም ይዘጋሉ። ክፍት ሆኖ የሚቀረው ክፍል ከማነሱ የተነሣ ሐኪሞች «የሕፃን ሳንባ» ይሉታል። ለሙሉ ሳንባ የሚበቃ አየር ወደዚህ ጠባብ ክፍል ቢገፋ ደኅናውን ከረጢት ለጥጦ ያቆስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ በታተመ፣ 861 ሕሙማን በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ በኪሎ ግራም 12 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው 39.8 ከመቶ ሲሞቱ፣ 6 ሚሊ ሊትር ከተሰጣቸው የሞቱት 31 ከመቶ ነበሩ። እዚህ ላይ ኪሎ ግራም የሚባለው በሚዛን የሚገኘው ሳይሆን ከቁመት የሚሰላው ክብደት ነው፤ ሰው ስለ ወፈረ ሳንባው አያድግምና።

ሕመምተኛችን ቁመቱ 163 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ ቢሆን የሚሰላው ክብደት 60 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ 360 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ሳንባው በ1 ሴንቲ ሜትር ውኃ ግፊት 30 ሚሊ ሊትር የሚቀበል ከሆነ የሚያስፈልገው 360 ÷ 30 = 12 ሴንቲ ሜትር ውኃ ነው። ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ በትንፋሽ መጨረሻ የሚተወውን ግፊት 10 ብንል ድምሩ 22 ይሆናል። ከ30 እንዳይበልጥ ይመከራል።

በማግሥቱ ሳንባው ደርቆ በ1 ሴንቲ ሜትር 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢቀበልስ? ይዘትን በሚወስነው ስልት 360ው አይለወጥም፤ ግፊቱ ግን በ12 ፈንታ 18፣ ድምሩም 28 ይሆናል። ግፊትን በሚወስነው ስልት ደግሞ 12ቱ ይጸናል፤ የሚገባው አየር ግን ወደ 240 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ደሙም አሲዳማ ይሆናል። ሳንባው ሲያገግምና 40 ሚሊ ሊትር መቀበል ሲጀምር ያው 12 ግፊት 480 ሚሊ ሊትር ያስገባል፤ ይህም በኪሎ ግራም 8 መሆኑ ነው። መሻሻሉ ራሱ አደጋ ያመጣል ማለት ነው።

ከሁለቱ አንዱ ሕይወት በማትረፍ እንደሚበልጥ በጥናት አልተረጋገጠም። በጸሐፊው አስተያየት ከምርጫው የሚከብደው ነገር ነርሷ የምትከታተለው ቁጥር ነው፦ በመጀመሪያው ግፊቱ፣ በሁለተኛው ይዘቱ። ሕመምተኛው ራሱ ትንፋሹን ጀምሮ መሣሪያው የሚያግዝበት ሦስተኛ ስልትም አለ፤ ለማገገሚያ ወቅት ይስማማል። አየር ያጠረው ሰው በኃይል እየሳበ ከመጠን በላይ ማስገባቱ ግን አይቀርም።

አሁን ወደ ላሊበላ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 760 ወደ 560 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። የጉዳቱ መጠን የሚለካው በደም ወሳጅ ቧንቧ ያለውን የኦክሲጅን ግፊት በሚተነፈሰው አየር የኦክሲጅን ድርሻ በማካፈል ነው፤ ውጤቱ ከ300 ሲያንስ ያሳስባል። በዚህ ከፍታ የጤነኛ ሰው ግፊት 62 ቢሆን 62 ÷ 0.21 = 295 ይመጣል፤ ጤነኛው ታመመ ሊባል ነው! ስለዚህ ወሰኑ በ560/760 ተባዝቶ ወደ 221 ይወርዳል። ስሌት ግን ልኬትን አይተካም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክሲጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 ከመቶ ተገኝቷል።

የ30 ሴንቲ ሜትር ውኃው ወሰን ግን በከፍታ አይሻሻልም። የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለው ልዩነት ስለሆነ በላሊበላም በአሰብም ያው ነው።