የሰውን መልክ ስለ መሣልና ለሰው ስለ ማሳየት

የሰውን መልክ መሣል የሚወድ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። በደብተሩ ጀርባ የጓደኛውን አፍንጫ ወይም የመምህሩን ጺም ነድፎ የማያውቅ ማን ነው? ቀድሞ እንዲህ ያለው ሥዕል ከደብተሩ ጋር ተጠቅልሎ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣና በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ይላካል፤ ከዚያም ሠዓሊው ቁጭ ብሎ ስንት ሰው እንደ ወደደለት ይቈጥራል። ይህ ጽሑፍ ስለ ሥዕሉና ስለ ቈጠራው ጥቂት ለማስረዳት የተጻፈ ነው። እኔም ራሴ ከቈጣሪዎቹ አንዱ ስለሆንሁ፣ ሌላውን ለመውቀስ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ፣ አንባብያን ሆይ፣ አስቀድሜ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሰው መልኩንና ሥራውን እንዲያዩለት መፈለጉ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በግድግዳው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ እቴጌይቱ ራሳቸው ተደፍተው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ልማድ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛል። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ከሥዕሉ በታች ይሣላል፣ ስሙም ይጻፋል። ሠዓሊው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ሳይጽፍ ይሄዳል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን እስከ ዛሬ በስሙ የሚታወቀው፣ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ስለ ተገኘ ነው። ስማቸው ያልተጻፈው ስንት እንደ ነበሩ እግዚአብሔር ይወቀው።

እነዚያ ሠዓልያን ስለ ፊት አንድ የታወቀ ሥርዓት ነበራቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኖቹ እያየን ይሥሉታል፤ ክፉውን ግን በጎኑ አዙረው አንድ ዐይን ብቻ ይሰጡታል። በእኛ ዘመን በስልክ ራሱን የሚያነሣ ሰው ሁሉ ሁለቱንም ዐይኖቹን አፍጥጦ መቅረቡ ምናልባት ከዚህ የመጣ ይሆን እያልሁ አንዳንድ ጊዜ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ራሱን ሥሎ ማሳየትም ቢሆን የሚያስነውር አይደለም። በኢጣልያ አገር፣ በፍሎረንስ ከተማ፣ ኡፊዚ በሚባለው የሥዕል ቤት፣ ሠዓልያን የገዛ መልካቸውን የሣሉባቸው ሥዕሎች ተሰብስበው ይገኛሉ። ስብስቡን የጀመሩት በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ካርዲናል ሌዎፖልዶ ደ ሜዲቺ ናቸው። የእኛው የአንኮበር ተወላጅ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕልም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ወደዚያው ቤት ገብቷል። የሆላንዱ ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎህ ደግሞ ራሱን ወደ ሠላሳ አምስት ጊዜ ያህል ሥሏል። ምክንያቱ ግን ራሱን መውደዱ አልነበረም፤ ለሥዕል ለሚቀመጥለት ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው፣ መስታወት ገዝቶ የራሱን ፊት መማሪያ አደረገው። በሕይወቱ ሳለ ሥራውን የወደዱለት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ።

ባለፈው ክረምት፣ ለጊፋታ በዓል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የአያቴን መልክ ለመሣል ቈርጬ ተነሣሁ። አያቴ ሃላሌ ባለው ቤታችን ደጃፍ፣ ከእንሰቱ ጥግ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚመጣ የፊታቸው መሥመር ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ከሶዶ በገዛሁት ወረቀት ላይ በእርሳስና በከሰል ሦስት ቀን ደከምሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ሥዕሉን በስልክ አንሥቼ ላክሁት። እስኪነጋ ድረስ ሰባት ልብ ተለጠፈልኝ፤ ከሰባቱ ሁለቱ የአጎቴ ልጆች ናቸው። በዚያች ሌሊት ስልኬን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየሁ ብናገር ትስቁብኛላችሁ። ባትሪው አልቆ እስኪጠፋ ድረስ አየሁ።

በሳምንቱ የአንድ ዝነኛ የእግር ኳስ ተጫዋች ፎቶግራፍ አገኘሁና ያንን ሣልሁ። የሠራሁትም እንዲህ ነው፦ ፎቶግራፉንም ወረቀቱንም በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፈልሁ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለውን መሥመር እያየሁ ገለበጥሁ። ይህ ዘዴ ነውር የለበትም፤ የጥንት ግብጻውያንም በግድግዳ ላይ ሲሥሉ መሥመር አስምረው ይሠሩ ነበር። ይህን ሥዕል ብልከው ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ልብ መጣ! ከዚያ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኝ ዝነኛ ሰዎችን ሣልሁ፤ ዘፋኝም ሯጭም አለበት። አያቴ በደጃፉ እየፈተሉ፣ «ሁለተኛውን የምትጀምረው መቼ ነው?» ሲሉኝ፣ «ነገ» እላቸው ነበር። ሁለተኛውን በቀለም እሠራላችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበርና።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ጥናት ይጠቅመናል። ስኪነር የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እርግቦችን በሣጥን ውስጥ አድርጎ ይመረምር ነበር። እርግቢቱ ክብ የሆነችውን ሰሌዳ በምንቃሯ ስትመታ እህል ይወርድላታል። በመታች ቍጥር ሁልጊዜ ሲወርድላት ቈይቶ ድንገት ቢቋረጥባት ቶሎ ትተዋለች። ነገር ግን እህሉ አንዳንዴ በሦስተኛው ምት፣ አንዳንዴ በሃያኛው፣ ሳይታወቅ የሚወርድ ከሆነ፣ ከተቋረጠም በኋላ ሳይታክታት እጅግ ብዙ ጊዜ ትመታለች። የሚያደክማት እህሉ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለማወቋ ነው። በፌስቡክ የመውደጃው ምልክት የተጀመረው በየካቲት 2001 ዓ.ም. ነው፤ ሥዕል ልኮ የሚጠብቅ ሰውም እንደዚያች እርግብ ነው። ዛሬ ሰባት፣ ነገ ሦስት መቶ፣ ከነገ ወዲያ ዐሥራ አንድ፤ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ስልኩን ከእጁ አያወርድም። ኢንስታግራም የሚባለውም በ2011 ዓ.ም. በአንዳንድ አገሮች ቍጥሩን ደብቆ ሞከረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፈለገ ሰው ቍጥሩን እንዲደብቅ ፈቀደ። ይህም ቈጠራው ሰውን እንደሚያስጨንቅ ሠሪዎቹ ራሳቸው ማሰባቸውን ያሳያል።

ይሁን እንጂ እኔን ያስደነገጠኝ ጭንቀቱ አይደለም። በጥር ወር፣ ከፈተናው በኋላ፣ የአያቴን ሁለተኛ ሥዕል ጀመርሁ። ያለ ፎቶግራፍ፣ ያለ አራት ማዕዘን፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነደፍሁ። ሲያልቅ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አያቴ ማንበብ አልተማሩም፤ ስለ ሥዕልም ከማንም ሰምተው አያውቁም። ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት፣ ደግሞም ቀረብ አድርገው አዩት፤ ከዚያ በወላይትኛ፣ «ግንባሬን ወዴት ወሰድኸው?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መዳፋቸውን ከዐይናቸው ላይ አንሥተው እስከ አናታቸው ለኩ፤ ቀጥለው ከዐይናቸው እስከ አገጫቸው ለኩ። ሁለቱ እኩል ነበሩ። በእኔ ሥዕል ግን ዐይኖቹ ከወረቀቱ ላይኛው ክፍል ተሰቅለዋል፤ ግንባሩ ሁለት ጣት አይሞላም።

ወዲያው የመጀመሪያውን ሥዕል አውጥቼ አየሁት። ያው ስሕተት እዚያም ነበረ። በሁለቱ መካከል ዘጠኝ ፊት ሥያለሁ፤ ከሺህ በላይ ልብም ተቀብያለሁ። እጄ ግን ከጀመረበት አንዲት ስንዝር አልተራመደም። መሥመር በመሥመር ስገለብጥ ፊት እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ አላስፈለገኝም ነበርና። ልብ የለጠፉልኝም ሰዎች የወደዱት ተጫዋቹን ነው እንጂ እርሳሴን አይደለም፤ በዚህም አልወቅሳቸውም።

ይህን ስሕተት ጀማሪ ሁሉ ስለሚሠራው፣ ለሚሥሉ ጓደኞቼ ሥርዓቱን ልጻፍ። የሰው ዐይን የሚገኘው ከአናቱ እስከ አገጩ ባለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው። እኛ ግን ስንናገር የምናየው ዐይንና አፍን ስለሆነ፣ ግንባሩና ጠጕሩ የማይረቡ መስለውን እናሳጥራቸዋለን። በሁለቱ ዐይኖች መካከል የአንድ ዐይን ስፋት ይገባል፤ የራስም ስፋት ከፊት ሲታይ ወደ አምስት ዐይን ይጠጋል። የጆሮ ጫፍ ከቅንድብ አካባቢ ይጀምርና ከአፍንጫ በታች ያልቃል፤ በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ግን ጆሮ ከዕድሜ ጋር እየረዘመ ስለሚሄድ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ለመለካት፣ ክንድን ፈጽሞ ዘርግቶ፣ አንድ ዐይን ጨፍኖ፣ እርሳሱን ከሚሣለው ሰው ፊት ጋር ማስተያየት ነው፤ ክንዱ ከታጠፈ ልኩ ይፋለሳል። ከፎቶግራፍ የሚሥልም ቢሆን አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ስልክ ከፊት እጅግ ቀርቦ ሲያነሣ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮንም ያሳንሳል። ስለዚህ ሰውየው በፎቶግራፉ ላይ ያለው አፍንጫ በእውነቱ የለውም ማለት ነው።

በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ለኢትዮጵያ ወጣት ያስገኙት ትልቁ ነገር፣ በእኔ አሳብ፣ ቀለምና ሸራ አይደለም። ከተማሪው ጀርባ ቆሞ፣ «ይህ ትከሻ ወርዷል» የሚል ዐይን ነው። እኛ በወላይታ ገጠር ሥዕልን በራሳችን የምንማር ልጆች ይህ ዐይን የለንም፤ በስልኩ ውስጥ የምንፈልገውም ምናልባት እርሱን ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን የሚሰጠን ቍጥር ነው፤ ቍጥሩም ሰባት ቢሆን ሦስት መቶ ቢሆን ዐይኑ ከፍ ማለቱን አይናገርም።

አሁን የምጽፈውን ልተወው ብዬ ነበር። የክፍላችን አንድ ልጅ አባቱን በሬ ጠምደው ሣለና ወደ ቡድናችን ላከ። ሁለት ልብ ብቻ ተለጠፈለት። አንዱ የእኔ ነበር። ሥዕሉን ግን አስፍቼ እንኳ አላየሁትም፤ የራሴን ቍጥር ለማየት ስቸኩል በመንገዴ ለጥፌለት አለፍሁ። ከዚያ በኋላ መሣሉን ተወ። ለምን እንደ ተወ ስጠይቀው፣ «እጄ አይሆንም» አለኝ። ያን ጊዜ ሥዕሉን ከስልኩ ከፍቼ በሚገባ አየሁት። የበሬዎቹ አንገትና የቀንበሩ ክብደት እኔ ልሠራው የማልችለው ነበር። የአባቱ ራስ ግን ከትከሻቸው ጋር ሲመዛዘን አንሷል። ሁለቱንም ነገርሁት። ስለ በሬዎቹ ያልሁትን አላመነኝም፤ ስለ ራሱ ያልሁትን ግን ወዲያው፣ «የቱ ጋ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከመጋቢት ጀምሮ አራት ሆነን፣ ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ የሳምንቱን ሥዕላችንን በክፍሉ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ከእያንዳንዱ ሥር ባዶ ወረቀት አለ፤ ያየ ሰው የተበላሸውን አንድ ነገር፣ ያማረውንም አንድ ነገር ይጽፋል። «ቆንጆ ነው» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። መጀመሪያ ጥቂት ተቀያየምን፤ አንዱ ሥዕሉን ገንጥሎ የሄደበት ቀንም ነበር፤ ሰኞ ግን ይዞት መጣ። ወደ ፌስቡክ መላኩንም ጨርሰን አልተውንም፤ እኔም አሁን ስልኬን የማልከፍት ሰው ሆኛለሁ ብል ውሸት ይሆናል።

የአያቴ ሦስተኛ ሥዕል በቀለም ነው። ግንባራቸው ቦታውን አግኝቷል። የቀረው እንዝርት የያዘው ቀኝ እጃቸው ብቻ ነው፤ እርሱም የቀረው ጥቂት ፀጥ ይበሉ ብላቸው መፍተላቸውን ስለማያቆሙ ነው።