ያልወረደ የዘር ፍሬና አባትነት

ፅንሱ ወንድ ሲሆን የዘር ፍሬዎቹ መጀመሪያ የሚሠሩት ሆዱ ውስጥ፣ ከኩላሊቶቹ አቅራቢያ ነው። በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት በብሽሽት በኩል አልፈው ከረጢታቸው ውስጥ ይገባሉ። ቀናቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ 100 ወንዶች ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ግን አንዱ ወይም ሁለቱም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ያለጊዜያቸው በሚወለዱት ቁጥሩ 30 ሊደርስ ይችላል።

ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሳቸው ይወርዳሉ፤ ከ6 ወር በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል። ከረጢቱ ከሌላው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ዘር የሚያመርቱት ሴሎችም ያለዚህ ቅዝቃዜ በወጉ አይበስሉም። ሙቀት ውስጥ የቀረ ፍሬ ሴሎቹን ቀስ በቀስ ያጣል። ሆርሞን የማመንጨት ሥራው ግን ያን ያህል ስለማይጎዳ ልጁ ድምፁ ይጎረንናል፣ ጢም ያወጣል። ጉዳቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ትዳር ተይዞ ልጅ ሲዘገይ ነው።

ታዲያ ያልወረደውን ፍሬ ለማውረድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ይወልዳል? አሜሪካ ውስጥ ፒትስበርግ ላይ የተደረገ ጥናት፣ በልጅነታቸው የታከሙና ልጅ ለመውለድ የሞከሩ ወንዶችን ተከታትሏል። ችግሩ በአንድ ጎን ብቻ ከነበረባቸው 90 በመቶው አባት ሆነዋል፤ ይህም ችግሩ ፈጽሞ ካልነበረባቸው 94 በመቶ እምብዛም አይርቅም። ሁለቱም ፍሬዎች ያልወረዱላቸው ግን 65 በመቶ ላይ ቆመዋል።

ሌላው ወሳኝ ነገር ዕድሜ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ አንዳንዶቹ ሕጻናት በ9 ወራቸው፣ ሌሎቹ በ3 ዓመታቸው ታክመው ሲነጻጸሩ፣ ቀድመው የታከሙት ፍሬ የተሻለ አድጎ ተገኝቷል። ዛሬ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ እንዲሠራ ይመክራሉ። ልጁን ለ9 ወር የኩፍኝ ክትባት የወሰዱ ወላጆች በዚያው ቢያስመረምሩት ጊዜው አላለፈም።

ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ይደረጋል። ሐኪሙ ብሽሽቱን በጥቂቱ ከፍቶ፣ ፍሬው የተንጠለጠለበትን የደም ሥርና የዘር ቱቦ ከያዘው ሥጋ ያላቅቃል። አብሮ ሄርኒያ ካለ ይዘጋዋል። ከዚያ ፍሬውን አውርዶ ከከረጢቱ ቆዳ ሥር በሚያዘጋጀው ኪስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አብዛኛው ልጅ በዕለቱ ቤቱ ይገባል።

ብርድ ሲነካው ሽቅብ ሸሽቶ፣ በሞቀ ውሃ ሲታጠብ የሚመለስ ፍሬ ግን በየዓመቱ መታየት እንጂ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

መዘግየት ከመካንነት ሌላም ጣጣ አለው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የስዊድን ጥናት፣ ከ13 ዓመታቸው በፊት የታከሙት በዘር ፍሬ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ወንድ በእጥፍ ገደማ፣ ከዚያ በኋላ የታከሙት ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

አድጎ ልጅ የዘገየበት ሰው መጀመሪያ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያደርጋል። በፈሳሹ ውስጥ ዘር ባይገኝ እንኳ፣ አንዳንዴ ከፍሬው ላይ በቀዶ ሕክምና ተወስዶ ከእንቁላል ጋር በላቦራቶሪ እንዲገናኝ ይደረጋል።