የዊንዶውስ ላይሰንስዎን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ያዛውሩ

ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ውስጥ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት አለዎት? ለቢሮዎ አዲስ ኮምፒውተር ገዙ? ለዊንዶውስ ዳግመኛ ከመክፈልዎ በፊት አሮጌውን ማሽን ይመርምሩ። ላይሰንሱ የሚዛወር ዓይነት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን አሁኑኑ ፎርማት እንዳያደርጉት።

ደረጃ 1፦ አሮጌውን ኮምፒውተር ያብሩ። መፈለጊያው ላይ «ሲኤምዲ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ። የሚመጣውን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ይምረጡ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል።

ደረጃ 2፦ የላይሰንሱን ዓይነት የሚያሳየውን ትእዛዝ ይጻፉ። ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች አያይዘው ይጻፉ። አንድ ክፍተት ይተዉ። ወደ ቀኝ ያዘመመውን ስላሽ ያስገቡ። ዲ፣ ኤል፣ አይ አስከትለው ኢንተር ይጫኑ። ፊደሎቹ ትልቅም ሆኑ ትንሽ ለውጥ የለውም፤ ክፍተቷን ግን እንዳይረሱ። ትንሽ ሳጥን ሲወጣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ደረጃ 3፦ የሳጥኑን ሁለተኛ መስመር ያንብቡ። «ሪቴይል» ካለ ይዛወራል፤ ይቀጥሉ። «ኦኢኤም» ካለ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ማዘርቦርዱ ሲሞት አብሮ ይሞታል፣ ወደ ሌላ ማሽን አይሄድም። «ቮልዩም» ካለ ለድርጅት የተሰጠ ነው። ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ካልሆነ ግን ፎርማት ያደረገው ሰው በክራክ ከፍቶት ሊሆን ስለሚችል የሚያዛውሩት ነገር የለም። «ኬኤምኤስ» የሚባለው የቮልዩም ዓይነት በየ180 ቀኑ ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር መገናኘት አለበት።

ክራክ ሆኖ ካገኙት ተስፋ አይቁረጡ። ከነዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተሸጡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የራሳቸው ኪ (የመክፈቻ ቁልፍ) ማዘርቦርዳቸው ላይ ተቀምጧል። ያንኑ ዓይነት ንጹሕ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ሲጭኑ ራሱ ያገኘዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ይህን ቢሞክሩ ጥሩ ነው። የደንበኛ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ በሚሰካበት ቤት ክራክ አይመከርም፤ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያም በፍላሽ ከሱቅ ሱቅ ይዛመታል። የኮምፒውተር ፕሮግራምን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ይጠብቀዋል።

ደረጃ 4፦ ኪዎን ይፈልጉ። በአምስት አምስት የተከፈለ ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ካርድ ወይም የግዢውን ኢሜይል ይመልከቱ።

ደረጃ 5፦ የኪውን የመጨረሻ አምስት ፊደሎች ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ጋር ያመሳክሩ። ሳጥኑ 3ቪ66ቲ ወይም 8ኤችቪኤክስ7 ካለ ግን ይጠንቀቁ። እነዚህ ዊንዶውስ በዲጂታል ላይሰንስ ሲከፈት ለብዙ ማሽኖች የሚሰጣቸው የጋራ ኪዎች ናቸው፤ ተጽፈው ሌላ ኮምፒውተር አይከፍቱም። እንዲህ ከሆነ አሮጌው ማሽን ላይ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ይግቡና ላይሰንሱን ከአካውንቱ ጋር ያያይዙት።

ደረጃ 6፦ የአዲሱን ማሽን ዊንዶውስ ዓይነት ያረጋግጡ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ተጽፏል። የሆም ኪ ሆምን፣ የፕሮ ኪ ፕሮን ብቻ ይከፍታል። የዊንዶውስ 10 ኪ ዊንዶውስ 11ንም ይከፍታል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ማሽኑ ከቻለ 11ን ይጫኑ። በዊንዶውስ 7 እና 8 ኪ አዲስ ዊንዶውስ መክፈት ግን ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል።

ደረጃ 7፦ ፋይሎችዎን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጁን ይሙሉ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ግልበጣው ይበላሻል።

ደረጃ 8፦ ኔትወርኩን ይሞክሩ። አዲሱ ማሽን የሚከፈተው ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ኢንተርኔትና ስልክ ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደነበር ያስታውሱ። ኔትወርክ በማይያዝበት ቀን ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይለፉ።

ደረጃ 9፦ ኪውን ከአሮጌው ያንሱ። እንደ ደረጃ 2 አድርገው ይጻፉ፤ ከስላሹ በኋላ ግን ዩ፣ ፒ፣ ኬ ያስገቡ። ተሳክቷል የሚል መልእክት ይጠብቁ። ቀጥለው ከስላሹ በኋላ ሲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ዋይ ብለው ይድገሙት፤ ይህ ማሽኑ ውስጥ የቀረውን የኪውን ቅጂ ያጠፋል።

ደረጃ 10፦ አዲሱን ማሽን በስልክዎ ሆትስፖት ያገናኙ። ወዲያው በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ላይሰንሱ የሚፈልገው ዳታ ጥቂት ነው፤ ፓኬጅ የሚጨርሰው ከኋላ የሚወርደው አፕዴት ነው።

ደረጃ 11፦ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ይግቡ። «ቼንጅ ፕሮዳክት ኪ» የሚለውን ተጭነው 25ቱን ያስገቡ። ስምንትን ከቢ አያምታቱ። ኪ ከሌለዎትና ላይሰንሱን ከአካውንት ጋር ካያያዙት፣ በዚያው አካውንት ይግቡና «ትራብልሹት» ውስጥ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የሚለውን ይምረጡ።

0ኤክስሲ004ሲ008 የሚል ስሕተት ከመጣ ኪው ሌላ ማሽን ላይ ተመዝግቧል ማለት ነው። ደረጃ 9ን በትክክል መጨረስዎን ያረጋግጡና እንደገና ይሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ ደረሰኝዎን ይዘው የማይክሮሶፍትን ድጋፍ ይጠይቁ።

ደረጃ 12፦ ውጤቱን ያረጋግጡ። አዲሱ ማሽን ላይ የደረጃ 2ን ትእዛዝ ከስላሹ በኋላ ኤክስ፣ ፒ፣ አር ብለው ይጻፉ። «ፐርማነንትሊ አክቲቬትድ» ካለ ጨርሰዋል።

አሮጌው ማሽን ይነሣል፤ ጥግ ላይ አክቲቬት አድርግ የሚል ጽሑፍ ያሳያል እንጂ አይዘጋም። ለልጆች መማሪያ ከፈለጉት በነጻ የሚገኘውን ኡቡንቱ ይጫኑበት። ከሸጡት ላይሰንስ እንደሌለው ለገዢው ይንገሩ። እርስዎም በተራዎ ሲገዙ፣ ብሩን ከመቁጠርዎ በፊት ሻጩን የደረጃ 2ን ሳጥን አሳየኝ ይበሉት።